መልሱ አጭር፣ መንገዱ ረጅም

ቀረብ በሉና ስሙኝ፣ ወገኖቼ። የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ባለበት ሁሉ የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች፤ ተወስዶ ሮም ላይ ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ ስንት ነው? «24 ሜትር!» ይላል ቀልጣፋው ልጅ፣ ይጨበጨብለታል፣ ነጥቡም ይያዝለታል፣ ጠያቂውም ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኛን ግን የሚያጣድፈን ደወል የለምና፣ መንገዱን አብረን እንሂደው።

ከአክሱም በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ጎቦ ድራ የሚባል ኮረብታ አለ። ከዛሬ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጠራቢዎች ከዚያ ጠንካራ አለት ፈልፍለው አወጡ፣ ከዚያም 160 ቶን ያህል የሚመዝነውን ድንጋይ ወደ ከተማው አደረሱት፣ ከዚያም ፎቅ ቤት አስመስለው ከታች በር፣ ከላይ መስኮት በመስኮት ላይ እየደረቡ፣ ከግድግዳ ብቅ የሚሉትን የእንጨት ወጋግራ ጫፎች ሳይቀሩ ቀረጹበት፣ አቆሙትም። ዘመን ዘመንን ሲተካም ሐውልቱ ወደቀና ተሰብሮ ተኛ፤ ተኝቶም ቢሆን በአገሩ ነበረ።

ከዚያ 1928 ዓ.ም. መጣ፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦርም የመረብን ወንዝ ተሻገረ። መሪው ሙሶሊኒ የጥንቶቹ ቄሣሮች ከግብፅ ሐውልት እያስጫኑ ሮምን እንዳስጌጡ ያውቅ ነበርና፣ እሱም የድሉን ምልክት ፈለገ። ሐውልቱም ለጉዞ እንዲመች ተከፋፍሎ በከባድ መኪና ላይ ወጣ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለትም ወር ከወር እየተጓዘ ምጽዋ ወረደ፣ ከምጽዋም በመርከብ ባሕሩን አቋርጦ መጋቢት 1929 ዓ.ም. ኔፕልስ ደረሰ። ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ደግሞ ሮም ውስጥ፣ ፖርታ ካፔና ከሚባለው አደባባይ፣ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር በታሰበው ሕንፃ ፊት ለፊት ተተከለ። ሕንፃው በኋላ ለዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ተሰጠ፤ ሐውልቱ ግን እዚያው እንደ ምርኮኛ ቆሞ ቀረ።

ጦርነቱ አለቀ፣ የተሸነፈችው ጣሊያንም የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የሰላም ውል ፈረመች። የውሉ አንቀጽ 37 የሚለው ግልጽ ነው፤ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የተወሰደ የኪነ ጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ንብረት፣ የታሪክ ቅርስ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ይመለስ። አሥራ ስምንት ወር! ወሩ አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ፣ በ1948 ዓ.ም. ሌላ ስምምነት ተፈረመ፣ እሱም አለፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ሮም መሽቷል፣ የኦሊምፒኩ ማራቶን እየተሮጠ ነው፣ ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመዋል፣ በጥንቱ የአፒያ ጎዳና ላይም የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ይሮጣል፤ አጠገቡ ሞሮኳዊው ራዲ አለ። ሐውልቱ ሮም ሲተከል አበበ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረ። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው አይተው፣ ከሐውልቱ ዘንድ ሲደርስ ተፈትልኮ ሊወጣ ተመካክረው ነበር፤ ደረሰም፣ ወጣም፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድም የቆስጠንጢኖስን ቅስት አለፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ ሮም ረስታው ይሆናል፣ ሯጩ ግን አልረሳም።

ግንቦት 1994 ዓ.ም. መብረቅ የሐውልቱን ጫፍ መታውና ስባሪው ወደቀ፤ በኢትዮጵያም የቆየው ቁጣ እንደገና ነደደ። በ1996 ዓ.ም. ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ ወረደ። አሁን ደግሞ መንገድ ጠፋ፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ሳቢያ ድንበሩ ተዘግቷልና በመጣበት በምጽዋ መመለስ አልተቻለም። ስለዚህ አንቶኖቭ 124 የሚባለው ግዙፍ አውሮፕላን ተፈለገ፣ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያም ለዚያ ክብደት እንዲመች ተዘጋጀ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና አየሩ ስስ ነው፣ ፀሐይ ሲከርር ደግሞ ይብሱን ይሳሳል፤ አውሮፕላኑም በማለዳው ብርድ ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ክፍል ይዞ አረፈ፣ በሳምንቱ ውስጥም ሦስቱም ክፍሎች ገቡ።

ሊተከል ሲባል ደግሞ በአካባቢው ከመሬት በታች ጥንታዊ መቃብሮች ተገኙ። ሙታኑን ላለመጉዳት ሥራው ተራዘመ። መሐንዲሶቹም ክፍሎቹን በብረት ፈንታ ኬቭላር በሚባል ጠንካራ ጭረት ዘንግ አያያዟቸው፤ ብረት ይዝጋልና። በክረምቱ ዝናብ መካከል ሐውልቱ ክፍል በክፍል ወጣ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ።

በ18 ወር ይመለስ የተባለው 58 ዓመት ፈጀ። የመቅደላን ነገር ደግሞ አስቡት፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ታቦቱን፣ ዘውዱን፣ የብራና መጽሐፉን ጭኖ ሄደ፣ ብዙውም እስከ ዛሬ ለንደን ነው። ለእነዚያ የሚጠቀስ አንቀጽ 37 የለም። ነገር ግን፣ ወገኖቼ፣ አንቀጽ ብቻውን መች አመጣው? ስንት ዘመን ወረቀት ላይ ተኝቶ ነበር፤ ያስነሡት መጠየቅ ያልሰለቻቸው ሰዎች ናቸው። የመቅደላውም ተራ የሚደርሰው እንዲሁ ተጠይቆ፣ ተጠይቆ ነው።