የሩቅ ተማሪና መጽሐፉ፤ የቋንቋ ንባብ በተልዕኮ ትምህርት ታሪክ

የተልዕኮ ትምህርት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በፖስታው፣ በሬዲዮውና በቴሌቪዥኑ መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ተማሪን በሚመለከት ዋናው ጥያቄ ጽሑፉ በምን መንገድ ደረሰው የሚለው ሳይሆን፣ የደረሰውን ጽሑፍ እንዴት እንዲያነብ ተማረ የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1856 ሻርል ቱሳንና ጉስታቭ ላንገንሻይት በበርሊን ከተማ ፈረንሳይኛን በደብዳቤ ማስተማር ጀመሩ። ከፈረንሳይኛው ቃል ሥር አነባበቡና የጀርመንኛ ፍቺው ይታተም ስለነበር ተማሪው ብቻውን ቃል በቃል ሊያነብ ቻለ። ዘዴው ለቋንቋ ልምምድ ጠቀመ፤ የአንድን ደራሲ አሳብ ከማስረጃው ጋር መመዘን ግን ዓላማው አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከሕክምና በስተቀር ፈተናዎቹን በየትም ስፍራ ላጠና ዕጩ ክፍት አደረገ። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲው ይፈትን ነበር እንጂ አያስተምርም ነበር። ክፍተቱን ከሞሉት መካከል ዊልያም ብሪግስ በ1887 ያቋቋመው የተልዕኮ ኮሌጅ ይገኝበታል። ፈተናው ብቻ ዳኛ በሆነበት ሥርዓት ንባብ ወደ ሽምደዳ ቢያዘነብል የሚያስደንቅ አይደለም።

የለንደንን አርአያ ተከትሎ በ1873 በደቡብ አፍሪካ የተቋቋመው ፈታኝ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላ የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ በ1946 በደብዳቤ የማስተማርን ኃላፊነት ራሱ ወሰደ። በብሪታንያም በ1969 የተመሠረተው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል፣ አስተማሪው በተማሪው ጽሑፍ ላይ የሚያሰፍረውን አስተያየት የትምህርቱ አካል አደረገው። ያም ሆኖ ይኸው ተቋም የመጀመሪያውን የፈረንሳይኛ ኮርስ ያቀረበው በ1995 ነው። ለሌሎች ትምህርቶች የበቃው ዝግጅት ለቋንቋ ወዲያው አልበቃም ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። መጽሐፍ መላክ ንባብን ማስተማር አይደለም። ማጠቃለያውን ሸምድዶ ዋናውን ጽሑፍ ሳይገልጥ የሚፈተን ተማሪ ሰነፍ ተብሎ ይወቀሳል፤ ነገር ግን የክርክርን መነሻና መድረሻ ለይቶ ማንበብን ማንም ሳያሳየው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመማሪያ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚቃረኑ ሁለት ምንባቦችን ጎን ለጎን ቢያቀርብ፣ አራሚውም ከማርኩ አጠገብ ምክንያቱን ቢጽፍ፣ ሩቅ ያለው ተማሪ መምህሩን በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ያገኘዋል።