የመለኪያው ፈተና
የሳንባ ካንሰርና የኢ.አር.ሲ.ሲ.1 ፕሮቲን ታሪክ

መሐንዲስ ስሌቱን ከመጀመሩ በፊት መለኪያውን ይፈትሻል፤ መለኪያው የተዛባ እንደሆነ ስሌቱ ምንም ያህል ቢረቅ ውጤቱ ስሕተት መሆኑ አይቀርምና፡፡ ይህ ሕግ በድልድይና በግድብ ሥራ ብቻ የተወሰነ አይደለም፡፡ ኢ.አር.ሲ.ሲ.1 የተባለው ፕሮቲን በሳንባ ካንሰር ሕክምና ታሪክ ውስጥ ያለፈበት መንገድ ይህንኑ ያስረዳል፡፡

ታሪኩ የሚነሣው ከመድኃኒቱ ነው፡፡ በአሜሪካ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ባርኔት ሮዘንበርግ፣ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ የሚያሳድረውን ለውጥ ሲመረምሩ የሕዋሶቹ መከፋፈል መቆሙን አስተዋሉ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1965 ለሳይንሱ ዓለም አበሠሩ፡፡ ምክንያቱ ግን ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲኒየም ኤሌክትሮዶቹ የመነጨው ውሁድ ነበር፡፡ ከዚህ ግኝት የተገኘው ሲስፕላቲን እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ፡፡

ሲስፕላቲን የሚሠራው ከካንሰሩ ሕዋስ ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ተጣብቆ እንዳይባዛ በማገድ ነው፡፡ ሕዋሱ በበኩሉ ጉዳቱን የሚጠግንበት ዘዴ አለው፡፡ ኢ.አር.ሲ.ሲ.1 ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ የተበላሸውን የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ቆርጦ በማውጣት ሥራ ይሳተፋል፡፡ ከዚህ በመነሣት፣ ጠጋኙ የበዛበት ዕጢ መድኃኒቱን ይቋቋማል የሚል አሳብ ተወለደ፡፡

የአሳቡ ጠቀሜታ በቁጥር ይታያል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 1,867 ሕሙማን ያቀፈ ነበር፡፡ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት፣ ሲስፕላቲን ያለበትን ሕክምና ከተመደበላቸው 44.5 በመቶ፣ ካልተመደበላቸው ደግሞ 40.4 በመቶ ነበሩ፡፡ ጥቅሙ ከመቶ አራት ሰዎችን ያህል መሆኑ ነው፡፡ ማስታወኩን፣ የኩላሊትና የመስማት ጉዳቱን ግን ብዙዎች ያለ ትርፍ ሊሸከሙት ነው፡፡ ተጠቃሚዎቹን አስቀድሞ መለየት ቢቻል ምንኛ ታላቅ እፎይታ በሆነ ነበር!

እ.ኤ.አ. በ2006 መልሱ የተገኘ መሰለ፡፡ ከዚሁ ጥናት የተወሰዱ 761 ዕጢዎች 8ኤፍ1 በተባለ ፀረ እንግዳ አካል ቀልመው ሲመረመሩ፣ 44 በመቶው ፕሮቲኑ ያለባቸው ሆነው ተመዘገቡ፡፡ ፕሮቲኑ ባልታየባቸው ዘንድ ሕክምናው የሞትን አደጋ በ35 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ በታየባቸው ዘንድ ግን ጥቅም አልተገኘም፡፡ በአንጻሩ መድኃኒቱን ካልወሰዱት መካከል ረዘም ላለ ጊዜ የኖሩት ፕሮቲኑ ያለባቸው ነበሩ፡፡ ስለሆነም አንድ ምልክት ሁለት ጥያቄዎችን፣ ማለትም የዕድሜንና የመድኃኒትን ጥያቄ፣ የሚመልስ ሆኖ ታየ፡፡

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚህ አልተቋጨም፡፡ ከፊተኛው ጥናት ባለቤቶች መካከል የሚገኙበት ቡድን፣ ከሌሎች ሁለት ጥናቶች የተገኙ የ494 ሕሙማንን ናሙናዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አሳተመ፡፡ የቀድሞው ግኝት አልተደገመም፡፡ የ589 ነባር ሕሙማን ናሙናዎች እንደገና ሲቀለሙም አዲሱ ንባብ ከአሮጌው ጋር አልተስማማም፤ ይህም የ8ኤፍ1 ጠባይ ከ2006 ወዲህ ሳይለወጥ እንዳልቀረ አመለከተ፡፡ ከዚህም የከፋ ነገር ተገለጠ፡፡ ኢ.አር.ሲ.ሲ.1 አራት ዓይነት መልክ ሲኖረው፣ ዲ.ኤን.ኤ.ን በሙሉ ብቃት የሚጠግነው አንዱ ብቻ ነው፡፡ ከተፈተሹት 16 ፀረ እንግዳ አካላት ውስጥ ግን ይህን አንዱን ከሦስቱ መለየት የቻለ አልነበረም፡፡

ስለዚህ አሳቡ ሐሰት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ የወደቀው ሚዛኑ ነው፡፡ ሚዛኑ በዚያው ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ መድኃኒት የሚያሻው ሕመምተኛ በተከለከለ፣ የማያሻውም በተሠቃየ ነበር፡፡

ትምህርቱ አልባከነም፡፡ ፒዲ-ኤል1 የተባለው ሌላ ፕሮቲን የሰውነትን መከላከያ ለሚያነቃቁ መድኃኒቶች መመሪያ ሆኖ ሥራ ላይ ሲውል፣ የተለያዩ ፀረ እንግዳ አካላት ጎን ለጎን ተወዳድረዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት ከአራቱ ሦስቱ ተቀራራቢ ንባብ ሲሰጡ፣ አራተኛው ያቀለማቸው የዕጢ ሕዋሶች ከሌሎቹ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል፡፡

የራሳቸውን ዝነኛ ግኝት ዳግም ለፈተና ያቀረቡት ተመራማሪዎች ያጡት ነገር ቢኖር አንድ ተስፋ ነው፤ ያተረፉት ግን የሕሙማንን ሕይወት በተዛባ ሚዛን ከመመዘን ነው፡፡