የዘረመል ምርመራ ውጤትና የኮምፒውተር ግምት

የዘረመል (ጂን) ምርመራ አድርገው ውጤቱ ላይ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ካገኙ፣ አጠገቡ «ጎጂ ሊሆን ይችላል» የሚል የኮምፒውተር ግምት ሰፍሮ ሊያዩ ይችላሉ። ይህ ግምት በሽታ አለብዎት ማለት አይደለም።

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚፈጠር ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ተጣጥፎ በሚይዘው ቅርጽ ነው። የጂን ለውጥ አንዱን ዶቃ በሌላ ሊተካ ይችላል። ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም። በሲክል ሴል በሽታ ግን በሄሞግሎቢን ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መተካቱ ብቻ ይበቃል፤ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ሲለቅ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ቀይ የደም ሴሉም የማጭድ ቅርጽ ይይዛል። ያም ሆኖ ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው።

ግምቱ የሚሠራው በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ከብዙ መረጃ በሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በዘርፉ ታዋቂው አልፋፎልድ ሲሆን፣ ሠሪዎቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ተንብዮአል። ሆኖም አንድ ዶቃ ሲቀየር ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ ለመንገር አልተሠራም፤ ለጤነኛውም ለተለወጠውም ተመሳሳይ ሥዕል ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ ነው በ2023 እ.ኤ.አ. አልፋሚስሴንስ የመጣው። 71 ሚሊዮን ሊከሰቱ የሚችሉ ለውጦችን መዝኖ 32 በመቶውን ጎጂ ሊሆኑ የሚችሉ፣ 57 በመቶውን ጉዳት የሌላቸው ሊሆኑ የሚችሉ ብሎ መድቧል፤ የቀሩትን አልወሰነም። እሱም ቢሆን አዲሱን ቅርጽ አያሳይም፣ የሚሰጠው ከ0 እስከ 1 የሆነ ነጥብ ነው።

ሐኪም ይህን ነጥብ እንደ አንድ ደጋፊ ማስረጃ ብቻ ይቆጥረዋል። የቤተሰብ የሕመም ታሪክ፣ የሚታዩ ምልክቶችና ለውጡ በጤነኛ ሰዎች ላይ መገኘት አለመገኘቱ አብረው ይታያሉ። በተለይ የጡት ካንሰርን በሚመለከቱ ጂኖች፣ ትርጉሙ ባልታወቀ ለውጥ ብቻ ተመርኩዘው ጡት ወይም ኦቫሪ ለማስወጣት አይወስኑ። (ነጥቡን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ሌሊቱን በጭንቀት ማሳለፍም አይጠቅምም።)

አፍሪካውያን በዘረመል ጥናቶች ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ፣ ውጭ አገር የሚመረመሩ ኢትዮጵያውያንም እንዲህ ያለ ውጤት ቢደርሳቸው አይገርምም። ወላጆች ቢመረመሩ ይረዳ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የውጤቱን ወረቀት በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላም ምደባው ተቀይሮ እንደሆነ ያስጠይቁ። ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ወደ «ጉዳት የሌለው» ነው።