መዝገብ በባለቤቱ እጅ፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ ኮምፒዩተሮች

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር የጻፈው መዝገብ በማን ዘንድ ሊቀመጥ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ዛሬ የበረታው፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ በአብዛኛው የተጠቃሚውን ጽሑፍ በሩቅ አገር ወዳሉ ማእከሎች ወስዶ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው። ለወሎ ግን ነገሩ አዲስ አይደለም።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ/ም ግድም ያበረከቱት ወንጌል አለ። ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር በዚሁ ወንጌል ውስጥ ተጽፏል። በአገራችን ልማድ የርስትና የጉልት ስጦታም በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ የሰረቀውና የፋቀው ሰው ግዝት ስላለበት መዝገቡ ይከበራል። ማየት የሚሻ ሁሉ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል እንጂ መዝገቡ ወደ እርሱ አይሄድም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ ይህ ወንጌል ከሌሎች ብዙ የብራና መጻሕፍት ጋራ ተነሥቶ፥ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ዋናው ግን የገዳሙ ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅም በዘመናችን በግልጥ ታየ። በጥቅምት 2014 ዓ/ም የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው። በዚያ ወቅት ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታልም ተዘረፉ። በሐምሌ 2015 ዓ/ም መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። እንግዲህ በሩቅ ብቻ ያለ መዝገብ መሥመር ሲቆረጥ አይገኝም፤ በአንድ ቤት ብቻ ያለ መዝገብም ከቤቱ ጋራ ይጠፋል።

«ሎካል ፈርስት» የሚባለው ሐሳብ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ኢንክ ኤንድ ስዊች የተባለው የምርምር ቡድን በ2011 ዓ/ም በጽሑፍ እንዳብራራው፥ ዋናው ጽሑፍ በባለቤቱ ኮምፒዩተር ይኖራል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራበታል፤ መሥመር ሲገኝ ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸው ይስተካከላሉ። በ2015 ዓ/ም ሜታ ላማ የተባለውን ሞዴል ካወጣ በኋላ፥ ጌኦርጊ ጌርጋኖቭ የተባለ መሐንዲስ በተራ ላፕቶፕ ላይ የሚያስኬደውን ፕሮግራም ሠራ። 7 ቢሊዮን መለኪያ ያለው ሞዴል ሲጨመቅ 4 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይበቃዋል። እርግጥ እንዲህ ያሉት ትንንሽ ሞዴሎች ብዙዎቹ በአማርኛ ደካሞች ናቸው፤ ነገር ግን የሕመምተኛ ካርድ ወይም የተማሪ ውጤት ከቤት ሳይወጣ ይሠራሉ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማሳረም መብት ሰጥቶታል። መብቱ በሥራ እንዲገለጥ፥ ዋናው መዝገብ በባለቤቱ ቤት፥ የተቈለፈ ቅጂው በሌላ ስፍራ፥ ቍልፉም በባለቤቱ እጅ ሊሆን ይገባል እንላለን። ሌላው ስፍራም ራቅ ያለ ይሁን፤ ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚራራቁ፥ በ2014 ዓ/ም አንዱ ለሌላው መሸሸጊያ ሊሆን አልቻለም።