ከእህሉ ጋር የገባው መርዝ፦ ከዋድላ ደላንታ እስከ ሽሬ



በቤተ ሙከራ ለአይጥ ካድሚየም ወይም እርሳስ ሲሰጥ ከሚጎዱት የአካል ክፍሎች አንዱ ጉበት ነው። ከአንጀት ወደ ደም የገባው አብዛኛው ነገር በቅድሚያ የሚደርሰው ወደ እርሱ ነውና፣ መርዝን የማርከስ ተግባሩ ራሱ ለመርዝ ያጋልጠዋል። ሙከራው የመርዙን መጠንና የተጎዳውን ሕዋስ ያሳየናል፤ መርዙ ወደ አንድ ቤተሰብ መሶብ እንዴት እንደ ገባ ግን አያሳየንም። አይጡ የቀረበለትን ይበላል፤ ገበሬው ያንን እህል ለምን እንደ በላ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። ይህንን በሁለት ክስተቶች እመለከታለሁ።

የመጀመሪያው የጎረቤታችን ነው። ከላስታ በስተደቡብ፣ ከመቄት ባሻገር፣ በቀድሞው የዋድላ ደላንታ አውራጃ በ1970 ዓ.ም. የሰዎች እጅና እግር ይቃጠል፣ ይደነዝዝ፣ ከዚያም እየጠቆረ ይደርቅ ጀመር። በበልጉ ወራት 93 ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ የመስክ ጥናቱም ተጨማሪ 47 ሰዎች በዚሁ ሕመም መሞታቸውን አረጋገጠ። ከተጠቂዎቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ5 እስከ 34 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ፤ እረኛው፣ ውኃ ቀጂዋ፣ አራሹ ማለት ነው። ምክንያቱ ኤርጎት የተባለ ፈንገስ ነበር። ፈንገሱ በገብሱ መካከል የበቀለውን ሲናር ይዞ፣ በፍሬው ቦታ የአይጥ ኩስ የመሰለ ጥቁርና ጠንካራ አካል ያበቅላል። መርዙ የደም ሥርን ያጠብባል፤ የእናትንም ጡት ሊያደርቅ ይችላል። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ «የቅዱስ አንጦንስ እሳት» ያለው ይህንኑ ሕመም ነው። በኋላም የመድኃኒት ቤተ ሙከራዎች የኤርጎትን ኃይል የሚለኩት በአውራ ዶሮ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ሲጠቁር በማየት ነበር።

ሁለተኛው ወደ ጉበት ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ2001 በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በሽሬ አካባቢ፣ ሆድን የሚነፋ፣ ሰውነትን የሚያከሳና ለሞት የሚያበቃ የጉበት ሕመም ታየ። መጀመሪያ ስም እንኳ አልነበረውም። ከዓመታት ምርመራ በኋላ አጌራተም ከተባለ አረም የሚመጣ፣ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል የጉበት መርዝ ዋናው ተጠርጣሪ ሆነ፤ ለዲዲቲ መጋለጥም አብሮ ተነሣ። ይህ የመርዝ ቤተሰብ የእንስሳትን ጉበት እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ዕውቀቱ ነበረ፤ ወደ መንደሩ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው።

በሁለቱም ታሪኮች መርዙ ከአረም የመነጨ ነው። ገበሬዎቻችን ይህን አደጋ አያውቁም ማለት አይቻልም፤ እንክርዳድ ራስ እንደሚያዞር የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። ሰፌድና ወንፊት፣ የእናቶቻችንም የለቀማ ጥበብ፣ ለዘመናት ያገለገሉ የመርዝ መከላከያዎች ናቸው። ነገር ግን ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ካለፈችበት ረሃብ በኋላ ብዙ ዓመት አልቆጠረችም ነበር። ጎተራ በጎደለበት ዓመት ተበጥሮ የሚጣለው እፍኝ እራሱ እራት ነው። ስለዚህ መርዙን ፈንገሱ ሠራው፤ ወደ ገበታው ያቀረበው ግን እጦት ነው የሚል አቋም አለኝ።

ዛሬም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ገብስ ይዘራል፤ ሲናሩም አብሮት ይበቅላል። ነገ የጤና ባለሙያ የምትሆኑ ተማሪዎቼ፣ የታማሚውን ደም ስትመረምሩ ምን እንደ በላ ጠይቁ፤ ዓመቱ እንዴት እንደ ነበረም ጠይቁ።