የታሪክ ፊልም ተዋንያን ከየት መጡ?



ለዘንድሮው የዓድዋ በዓል፣ የካቲት 23 ቀን፣ አጭር የታሪክ ተውኔት ለማሳየት መወሰናችንን ባለፈው ስብሰባ ሰምታችኋል። የመረጥነው ከደጃችን የማይርቅ ታሪክ ነው፤ የወይዘሮ እጅጋየሁ ታሪክ። እንደሚነገረው እጅጋየሁ በአንኮበር፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ፣ በአገልግሎት ትኖር የነበረች ሴት ናት። ከንጉሡ ልጅ ከኃይለ መለኮት ጸንሳ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የወለደችው ልጅ ኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ሆነ። ልጁን ሁሉም ያውቀዋል። እናቱን ግን ከስሟ አልፎ የሚያውቃት ጥቂት ነው።

ችግሩ የመጣው ገጸ ባሕርያቱን ስናከፋፍል ነው። እጅጋየሁን እንድትጫወት የተመረጠችው እኅታችን አረቄ እያወጣች ልጆቿን ያሳደገች ናት። ድምፅዋም ቁመናዋም ለቦታው የተፈጠረ ነው ብለን ሁላችን ተስማማን። እሷ ግን "እኔ አረቄ አውጪ ነኝ እንጂ ተዋናይ አይደለሁም" አለች። በሳምንቱ ደግሞ አንድ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ "በዚህ ዕድሜሽ አዝማሪ ልትሆኚ ነው ወይ?" እንዳሏት ሰማን። ይህን ጊዜ ከኮሚቴው ገሚሱ፣ ከአዲስ አበባ ሁለት ተዋንያን እናስመጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጉዳዩም በጀቱ ይችለው እንደሆነ ይታይ ተብሎ ወደ ሒሳብ ክፍል ተላከ።

እኛም የ130 ኪሎ ሜትሩን መጓጓዣ፣ የአልጋውንና የክፍያውን ሒሳብ ከመሥራታችን በፊት አንድ ጥያቄ ያዘን። የአገራችንን ታሪክ በመድረክና በፊልም የተጫወቱት ሰዎች ራሳቸው ከዚያ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?

ፍለጋውን ሩቅ አገር መጀመር አላስፈለገንም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጸሐፌ ተውኔት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰሜን ሸዋ፣ የሳያደብር ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው ራስ መኮንንን ተከትለው ዓድዋ ዘምተዋል፤ ከዚያ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንንነት ተምረዋል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩ፣ በመንግሥታቱ ማኅበርም ስለ አገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። (የገንዘብ ሚኒስትር መሆናቸውን ስናነብ እኛ ሒሳብ ያዦች ትንሽ ደስ ብሎናል።) በ1913 ዓ.ም. ገደማ "ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ" የተባለውን ተውኔት ጽፈው አሳዩ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ሹማምንቱ መሆኑ ስለታወቀ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እንግዲህ የአገራችን ቴአትር ሲወለድ አባቱ ወታደርና የመንግሥት ሰው ነበር ማለት ነው፤ በሙያው የቴአትር ሰው አልነበረም።

በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መድረክ ላይ ሴት አልነበረችም። ንግሥትም ትሁን ገረድ፣ የሴቶቹን ቦታ ቀሚስ ለብሰውና ሻሽ አስረው የሚጫወቱት ወንዶች፣ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ሴትን ከመድረክ ያራቀው የችሎታ ማነስ አይደለም። ሰው ፊት ቆማ የምትዘፍን ወይም የምትናገር ሴት "አዝማሪ" ትባል ነበር፤ ቃሉ የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ለእኅታችን የተናገሩት ቃል ከዚያ ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የደረሰ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። መሥራቹ ዘራቸው ከቡልጋ የሚመዘዘው መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። ጣሊያን በድንበር እየተጠጋ ስለነበር የማኅበሩ ዓላማ በንግግርና በዜማ ሕዝቡን መቀስቀስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ማኅበሩ ወደ ቴአትር ቤትነት አደገ፤ ዘፋኞችም፣ ተወዛዋዦችም፣ ተዋንያንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠሩ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ።

ከእነዚህ መድረኮች ሴቶች ሁሉ እኛን ያቆመችን አስናቀች ወርቁ ናት። ሰው በይበልጥ የሚያውቃት በክራሯ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የሸክላ ስብስቦች መካከል "ባለክራሯ እመቤት" ተብሎ ለብቻዋ የወጣላት አለ። ነገር ግን በመድረክ ተውኔት ከተሳተፉ ቀደምት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ በብሔራዊ ቴአትርም በተዋናይነት ሠርታለች። ክራር የምትመታበት እጅና መድረክ ላይ የምትናገርበት አንደበት የአንድ ሰው ነበሩ። ስድቡም ያው አንድ ነበር። እሷ ግን ክራሩንም መድረኩንም ሳትጥል ቆይታ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈች። ከእሷ በኋላ የመጣችው ዓለምፀሐይ ወዳጆ ተዋናይም፣ ጸሐፌ ተውኔትም፣ ገጣሚም ሆናለች። በስደት ዋሽንግተን ላይ ያቋቋመችውን የባህል ማዕከል "ጣይቱ" ብላ ሰይማዋለች።

ወደ ፊልሙ እንምጣ። በታሪክ ፊልም ስማቸው ከሚነሳ ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ኃይሌ ገሪማ ነው። የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ ተውኔት እየጻፉ በየገጠሩ ያሳዩ ነበር፣ እሱም በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ተጫውቷል። አሜሪካ ሄዶ ፊልም ከተማረ በኋላ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ በፈነዳበት ወቅት፣ አገር ቤት ተመልሶ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" የሚለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸ። ታሪኩ የጭሰኛና የባለርስት ታሪክ ነው። ተዋንያኑ በአብዛኛው ከዚያ በፊት ትወና የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሞፈርና ቀንበሩን የሚሸከሙበት፣ እንጨት ተሸክመው አቀበት የሚወጡበት ትዕይንት ረጅም ነው። እንዲያ ያለውን አካሄድ ገበሬነትን የማያውቅ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ያው አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1993 "ሳንኮፋ" በተባለው ፊልሙ የባሪያ ንግድን ታሪክ ሲሠራ ተዋንያኑን ከየአቅጣጫው ሰበሰበ። አመፀኛውን ባሪያ ሻንጎን የተጫወተው ሙታባሩካ ጃማይካዊ ገጣሚ ነው፤ ግጥሙን በሬጌ ምት የሚያሰማ። ጋና ባሕር ዳር ባለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ላይ ከበሮ እየመታ የሞቱትን የሚጠራውን ሽማግሌ የተጫወተው ኮፊ ጋናባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአፍሪካን ከበሮ አሜሪካ ወስዶ ጃዝ ውስጥ ያስገባ እውነተኛ ከበሮ መቺ ነው። እናቲቱን ኑኑን የተጫወተችው አሌክሳንድራ ዱዋ ግን በሙያዋ የጋና ተዋናይት ነበረች። ሙያተኛና ሌላ ሥራ ያለው ሰው ጎን ለጎን ቆመዋል።

በቬኒስ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2008 ሽልማት ያገኘው "ጤዛ"ም እንዲሁ ነው። የንጉሡን መጨረሻና የደርግን ዘመን የሚያሳይ ነው። በጀርመን ያለችውን ካሳንድራን የተጫወተችው አራባ ኤቭሊን ጆንስተን አርተር በኦስትሪያ የጥቁሮችን መብት በመሟገት የምትታወቅ ሴት ናት። ከሸዋ፣ ከጃቶ፣ የወጣውን የአበበ ቢቂላን ታሪክ በሚተርከው "አትሌቱ" ፊልም ደግሞ አበበን የተጫወተው ራሴላስ ላቀው ከፊልሙ አዘጋጆች አንዱ ነው።

እስከዚህ ሲደርስ ኮሚቴው "በቃ፣ ማንም መሆን ይችላል" ብሎ ነበር። እኛ ግን አልተስማማንም፤ ምክንያታችን "ድፍረት" የተባለው ፊልም ነው።

"ድፍረት" በ2006 ዓ.ም. የወጣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። ታሪኩ በ1989 ዓ.ም. የሆነ ነው። ለእኛ ትናንት ቢመስለንም ለልጆቻችን ታሪክ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር የከፈተ ሕግ ነበር። ይህ በር የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በፊልሙ አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ትገድላለች። አንዲት ጠበቃ ትቆምላታለች። ርእሱን ልብ በሉት፤ በአማርኛችን "ድፍረት" ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው።

ልጅቷን የተጫወተችው ትዕግሥት ሳትሆን ትዝታ ሀገሬ ናት (ስሟን ስናነሳ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ነው)፤ ያኔ ፊልም ሠርታ የማታውቅ ታዳጊ ነበረች። ጠበቃዋን የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የተማረች፣ ገጣሚ፣ በ"ዳና" ተከታታይ ድራማ አገር ያወቃት ተዋናይት ናት። አዳራሻችን ውስጥ ፊልሙን ደግመን ስናይ ያስተዋልነው የሁለቱን መደጋገፍ ነው። ልጅቷ ብዙ አትናገርም፤ አንገቷን ትደፋለች፣ ትሸሻለች፣ ትጠራጠራለች። ንግግሩን፣ ጥያቄውን፣ ከሹማምንት ጋር ያለውን ክርክር የምትሸከመው የተማረችው ተዋናይት ናት። ልምድ የሌላት ልጅ ያን ያህል የታመነችው ልምድ ያላት ሴት አጠገቧ ስለነበረች ይመስለናል። ኑሮ ብቻውን ተዋናይ አያደርግም።

የእውነተኛዋን ጠበቃ የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን የሥራ ጉዞም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዳኛ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት ናቸው። እናት ባንክን ካቋቋሙት ሴቶችም አንዷ ሲሆኑ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

አንድ ነገር ግን ልንሰውር አንወድም። ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ታሪኩ የደረሰባት ሴት "ፈቃዴን ማን ጠየቀኝ?" ብላ ነበር። በኋላ እግዱ ተነስቶ ፊልሙ ታየ። ለሒሳብ ሰው ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ተዋናይት ይከፈላታል፣ አዘጋጅ ይከፈለዋል፣ አልባሳት ሰፊው ይከፈለዋል። ኑሮዋን የሰጠችው ሴት በየትኛው መደብ ትመዘገባለች? የእኛ እኅትም ለእጅጋየሁ ልትሰጣት የተፈለገው ማድጋ ስታነሳ የምታሳየውን አጎንባሽነት፣ የጢስ ቤት ሳሏን፣ የሌሊት መነሳቷን ነው። ይህን በነጻ ተቀብለን ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ብቻ አበል መክፈል አልዋጥ አለን።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ እንዲህ ነበር። ሁለት ተዋንያን ማስመጣቱ ይቅር፤ በምትኩ ቴአትር የተማረች አንዲት መምህርት ለአራት ቅዳሜ ከሰዓት ትቀጠርልን። ለሚጫወቱት አባላትም ልምምድ ለዋሉበት ቀን ውሎ አበል ይታሰብ፤ ከገበያ የሚቀሩበት ቀን ነውና። ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዳንዶቹ "ለማኅበራችን የምንሠራው ለገንዘብ ነው ወይ?" አሉ፤ ቅር ያላቸው እስካሁንም አሉ። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ አለፈ፣ ቃለ ጉባኤውም ተፈርሟል።

ሽማግሌው ቤት ሁለት እናቶች ተልከው ነበር። "እስቲ ይሁን፤ እኔ ግን መጥቼ አላይም" ብለዋል። የፊት ወንበር ይዘንላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን የክፍያ ሰነድ ስናዘጋጅ "የሥራ ዓይነት" በሚለው ዓምድ ከእኅታችን ስም ፊት "ተዋናይ" ብለን ጻፍን። ልትፈርም ስትመጣ አስነበበችንና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "አረቄ አውጪም የሚለውን ጨምሩበት እንጂ፤ ቅዳሜ ለምን እንደምቸኩል መምህርቷ እንድታውቀው" አለችን። ጨመርንበት።