ዋጋው የተከፈለ፣ ቁልፉ ያልተሰጠ፦ የጥቁሩ ስክሪን ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ2006 ብሉ ሬይ ዲስክ ገበያ ላይ ሲወጣ ፊልም በኮምፒውተር ማየት የለመዱ ብዙ ገዢዎች ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ዲስኩ ኦሪጅናል ነው፤ ዋጋው ተከፍሏል። ኮምፒውተሩ ፈጣን ነው፤ ሞኒተሩም ጥራት አለው። ፊልሙ ሲከፈት ግን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ አለዚያም የስህተት መልእክት ብቅ ይላል። ገመድ ቀየሩ፣ ሶፍትዌር አደሱ፣ አጥፍተው አበሩ። ለውጥ የለም። ለነገሩ የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ማሽኑ የታዘዘውን በትክክል እየሠራ ነበር።

ያ ትእዛዝ ኤችዲሲፒ ይባላል፤ ኢንቴል የሠራው የጥበቃ ሥርዓት ነው። ምስሉ በዲጂታል ገመድ ወደ ሞኒተሩ ከመሄዱ በፊት ሁለቱ መሣሪያዎች በምስጢር ቁልፍ ይጠያየቃሉ። ሞኒተሩ ትክክለኛውን መልስ ካልሰጠ ምስሉ አይላክለትም። በወቅቱ ብዙ ሞኒተሮችና ግራፊክስ ካርዶች ይህ ቁልፍ አልነበራቸውም። የሚገርመው፣ ያው ሞኒተር በአሮጌው የአናሎግ ገመድ ሲያያዝ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ይታይ ነበር።

ነገሩ እዚህ እንዴት ደረሰ? መነሻው የቪዲዮ ካሴት ዘመን ነው። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሶኒን በቤታማክስ መቅጃው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1976 ከሰሱት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራምን ቤት ውስጥ ቀድቶ በኋላ ማየት ሕገ ወጥ አይደለም ሲል ወሰነ። ችሎቱ አልሆን ሲላቸው ስቱዲዮዎቹ ወደ ቴክኖሎጂ ዞሩ። በ1985 የመጣው ማክሮቪዥን የመቅጃውን አሠራር እያወከ፣ ቅጂው እየደበዘዘና እየበራ እንዲያስቸግር ያደርግ ነበር። በ1996 ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ሲጀመር ደግሞ ባለ40 ቢት ቁልፍ ተገጠመለት። በ1998 የአሜሪካ ምክር ቤት ቁልፉን መስበር ራሱን የሚከለክል ሕግ አወጣ።

ስቱዲዮዎቹ የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ካሴት በተቀዳ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ዲጂታል ፋይል ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ያው ነው። ጥያቄው ጥበቃው ማንን ያዘ የሚለው ነው።

ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለው ኖርዌያዊ ታዳጊ በ1999 ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። በሊኑክስ ኮምፒውተር ዲቪዲ ለማየት ፈቃድ ያለው ማጫወቻ ስላልነበረ፣ ማንነታቸው ካልታወቀ ሁለት ሰዎች ጋር የዲቪዲውን ቁልፍ የሚከፍት ፕሮግራም ይዞ ወጣ። ተከሰሰ። የኦስሎ ፍርድ ቤት በጥር 2003 ነፃ አለው፤ ይግባኝ ሰሚውም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አጸናው። የፍርዱ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ዲስኩን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ይዘቱን የማየት መብት አለው።

ቁልፎቹም አልዘለቁም። የብሉ ሬይና የኤችዲ ዲቪዲ ጥበቃ ቁልፍ በ2007 ኢንተርኔት ላይ ተበተነ። በመስከረም 2010 የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ ወጣ፤ ኢንቴልም እውነተኛ መሆኑን አመነ። ጥበቃው አንዴ የተነቀለለት ቅጂ ደግሞ ሞኒተሩን ምንም አይጠይቅም፤ በየትኛውም ስክሪን ይከፈታል።

ጥያቄ የሚቀርብለት ከፍሎ የገዛው ብቻ ነው። ዛሬም ጥቁር ስክሪን የገጠመው ሰው ሰንሰለቱን በሙሉ መፈተሽ አለበት፦ ግራፊክስ ካርዱን፣ መሃል ላይ የተሰካውን መቀየሪያ፣ ሁለተኛውን ሞኒተር። አንዱ ቁልፉን ካላወቀ ሁሉም ሊዘጋ ይችላል። ባለ4ኬ ብሉ ሬይ ጭራሽ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ኤስጂኤክስ የተባለ የኢንቴል ክፍል ይፈልጋል። ኢንቴል ግን ይህን ክፍል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ከዴስክቶፕ ኮር ፕሮሰሰሮቹ አወጣው። ስለዚህ በአሮጌው ኮምፒውተር ይታይ የነበረው ዲስክ በአዲሱ፣ በፈቃድ ባለው መንገድ፣ አይታይም።

የቁልፉ ታሪክ ሲጠቃለል ይኸው ነው። ሌባው በመስኮት ከገባ ቆይቷል፤ በሩ ላይ እየተፈተሸ የሚጉላላው የቤቱ ባለቤት ነው። አንድ ሰው ዲስክ ሲገዛ የሚገዛው ፊልሙን ነው ወይስ ኩባንያው እስከፈቀደ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ? ይህ ጥያቄ በዲስክ ጀመረ እንጂ በዲስክ አያበቃም።